የታሰረ ጫማ

ካሳሁን የሞተው ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ነው። አደም ኳስ በሚያሳይበት ቤት ጓሮ፣ መሰላሉ ሥር በጀርባው ተዘርግቶ ተገኘ። ማጅራቱን ድንጋይ መትቶታል። ከኪሱ የአደም ዲሽ ዓይን፣ ሞገድ የሚቀበለው ዕቃ፣ ወጣ።

ደብረ ታቦር ወዲያው ፈረደ።

ካሳሁን ዲሽ ተካይ ነበር። ሰዉ ዲሹን እያወረደ ቴሌቪዥኑን ከኢንተርኔት ሲያገናኝ ሥራው ቀዘቀዘ። ቅዳሜ በጨዋታው መካከል የአደም ቴሌቪዥን ድንገት ጨለመ። ካሳሁን ከደጅ ብቅ አለና "እኔ ልየው" ብሎ ወደ ጓሮ ዞረ። ወዲያው ከአጥር ማዶ ጎል ተጮኸ። እሱ አልተመለሰም።

"ራሱ ነቅሎ ራሱ ሊጠግን ነው" አሉ። "ወደቀ። የእጁን አገኘ።"

በማግስቱ መርማሪው አስናቀ ሟቹ ቤት ሄደ። ሚስቱ ፍቅርተ ተነሥታ ተቀበለችው።

"ነገ ይቀበራል" አለች። "ልጆቼ የሌባ ልጅ ተብለው አባታቸውን እንዳይሸኙ። አንድ ነገር ይንገሩኝ። ጫማው የት ተገኘ?"

"እግሩ ላይ። ማሰሪያው ጠብቆ።"

"እንግዲያው ጣራ አልወጣም። ቆርቆሮ ያንሸራትታል ብሎ በባዶ እግሩ እንጂ ወጥቶ አያውቅም። ከጣራ ከወደቀ ጫማውን ማን አሰረለት?"

አስናቀ አደምን ጠየቀው።

"እውነቷን ነው" አለ አደም። "ሁልጊዜ መሰላሉ ሥር አውልቆ ነው የሚወጣ።" ከዚያ ዓይኑ ወደ አጥሩ ሄደ።

ከአጥሩ ማዶ የማሩ ቤት ነው። እሱም ኳስ ያሳያል። በሰፈሩ ዲሹን ትቶ ወደ ኢንተርኔት የገባ የመጀመሪያው እሱ ነው። ምስሉ ጥሩ ነው፤ ግን ከዲሹ ይዘገያል። አደም ቤት "ጎል!" ሲባል ማሩ ቤት ኳሱ ገና መሀል ሜዳ ነው። ደንበኞቹ "ማሩ፣ ጎልህ በይፋግ ዞሮ ነው እንዴ የሚመጣው?" እያሉ አንድ በአንድ ወደ አደም ተሻገሩ።

አስናቀ መጀመሪያ የቀሩትን ደንበኞች አነጋገረ። ከዚያ ማሩን።

"ትናንት የት ነበርክ?"

"እዚሁ ቤቴ።"

"ጎሉ ሲገባ?"

"ከደንበኞቼ ጋር አየሁት።"

"ምን አሉህ?"

"ምን ይላሉ? እንደ ልማዳቸው ሳቁብኝ፤ ዘገየ ብለው።"

አስናቀ ራሱን ነቀነቀ።

"ትናንት አልሳቁም። የአደም ቤት ጨልሞ ነበር፤ ቀድሞ የጮኸ የለም። ጎሉ ትኩሱን መጣላቸው። ደስ ብሏቸው ቢፈልጉህ አጡህ።"



"ለአንድ ቀን ብቻ እንዲጨልም ነበር" አለ ማሩ። "የዲሹን ዓይን ነቅዬ ስወርድ ካሳሁን መሰላሉ ሥር ደረሰ። 'ለአደም እነግራለሁ' ብሎ ያዘኝ። ገፋሁት። እንዲሞት አላሰብኩም።"

"የዲሹን ዓይን ኪሱ መክተት ግን አሰብክ።"



ሰኞ ካሳሁን ተቀበረ። ልጆቹ ከፊት ሄዱ። አደም ቃሬዛውን ተሸክሞ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር አደረሰ።

አስናቀ ጫማውን በፌስታል ይዞ መጣ። ፍቅርተ ማሰሪያውን ፈታችና ሁለቱን ጎን ለጎን ደጃፉ ላይ አኖረቻቸው፤ ባሏ ጣራ ሊወጣ ሲል እንደሚያኖራቸው።