አሥራ አራት ቁጥር ማሊያ

ማይኩ ማሬ እጅ ሲገባ ቆቅ ፈገግ አለች። ፈገግታው ግን ከከንፈሯ አላለፈም።

ምን ታድርግ? የትምህርት ቤቱን ጨዋታ ሦስት ዓመት ሙሉ በደብተር የመዘገበችው እሷ ናት፤ ማን አገባ፣ በስንተኛው ደቂቃ፣ በየትኛው እግር። «ቆቅ» የተባለችውም ምንም ስለማያመልጣት ነው። ማሬ ደግሞ የልብ ጓደኛዋ ብትሆንም፣ ትናንት «ኦፍሳይድ ምን ነበር?» ብላ የጠየቀች ልጅ ናት። ያላት ድምፅ ነው፤ እንደ ቅጽል ስሟ ማር የሆነ ድምፅ።

የቴሌቪዥን ስፖርት ጋዜጠኛዋ የመጣችው ስለ ሙያዋ ልታወራ ነበር። ሃያ ዓመት በፀሐይና በዝናብ ሜዳ ዳር ቆማለች። ውጤት ብትሳሳቱ ተመልካች ይስቃል፣ የሰው ስም ብትሳሳቱ ግን አይምራችሁም አለቻቸው። ቀጥላም የዋንጫው ጨዋታ ሲያልቅ አንድ ተማሪ በቀጥታ ሥርጭት የአንድ ደቂቃ ዘገባ እንደሚያቀርብ፣ ከሠመረለትም ጣቢያው ለሥልጠና እንደሚወስደው ነገረቻቸው። ቆቅንና ማሬን ፈተነች፤ ማሬን መረጠች። የቆቅን ትከሻ መታ መታ አድርጋም፣ «አንቺ መረጃ ታቀብያታለሽ» አለቻት።

አቀባይ። ቆቅ ቃሉን እንደ መራራ ክኒን ዋጠችው።

ጨዋታው አንድ ለዜሮ አለቀ። ጎሉን ያስቆጠረው አሥራ አራት ቁጥር የለበሰ ልጅ ነው። የአሰላለፍ ወረቀቱ ላይ አሥራ አራት ቁጥር «አንበጣ» የሚባለው ተቀያሪ ነው፤ አንበጣ ግን ከወንበሩ ንቅንቅ አላለም። በዕረፍት ሰዓት «ሽቦው» የሚሉት አጥቂ ማሊያው ተቀደደና የአንበጣን አጥልቆ ገባ። ሁለቱም ረጃጅምና ቀጫጭን ስለሆኑ ከሩቅ አይለዩም። ከቡድኑ ልጆች ሌላ ይህን ልብ ያለችው ቆቅ ብቻ ናት።

ማሬ ወረቀቱን ይዛ እያለከለከች መጣች።

«ቆቅዬ፣ በናትሽ፣ ያገባው አንበጣ ነው አይደል?»

«ወረቀቱ ምን ይላል?»

«አንበጣ ይላል።»

«ያለውን አንብቢያ።»

አልዋሸሁም አለች ቆቅ በልቧ። ደግማም አለች። ነገ ግቢው በሙሉ ማሬን «ፋራ» እያለ ሲያሳድዳት ታያት። ደስ አላት፤ ደስ ማለቱ ደግሞ ራሷን አስደነገጣት።

«ከካሜራው ኋላ ቁሚልኝ» አለች ማሬ። «ሌላ ሰው ካየሁ ይጠፋኛል። አንቺን እያየሁ ልናገር።»

ቆቅ ቆመች።

ካሜራማኑ አንድ ደቂቃ ቀርቷል አለ። ጋዜጠኛዋ የማሬን ኮሌታ አስተካከለች።

«ያገባው ሽቦው ነው» አለች ቆቅ። ድምፅዋ ከጠበቀችው በላይ ጮኸ። «የአንበጣን ማሊያ ለብሶ ነው የገባው።»

ጋዜጠኛዋ ዞረች። መጠየቅ ሥራዋ ነውና ጠየቀቻት።

«መቼ ነው ያወቅሽው?»

«አሁን ገና ትዝ ብሎኝ» የሚለው ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። ማንም አይጠረጥራትም። እንዲያውም ትመሰገንበታለች። ማሬ ዐይኗን ሳትነቅል ታያታለች።

«ከዕረፍት ጀምሮ» አለች ቆቅ። «ስትጠይቀኝም አውቅ ነበር።»

ማሬ ስሙን ሰርዛ ከላዩ ሌላ ጻፈች፤ ብዕሩ ወረቀቱን ቀደደው። ካሜራማኑ ከአምስት ወደ ታች መቁጠር ጀመረ። ቆቅ ከቆመችበት አልሄደችም። ማሬ ትያት አትያት፣ የማሬ ፈንታ ነው።