አራተኛው ዳኛ

ዘመኑ ፲፱፻፹፬ ዓ.ም.፣ ወሩ ሐምሌ ነበር፤ ዝናቡ በመቱ ከተማ ላይ ሳምንት ሙሉ ሳያባራ ወርዶ የቡሬን መንገድ ጭቃ ውጦታል። በዚያ እሑድ የዋርካው እድር ዳኞች በአዳራሻቸው ተሰበሰቡ፤ ከሰባቱ ግን የተገኙት አራቱ ብቻ ነበሩ። ሦስቱ መንግሥት በተለወጠ ማግሥት «ነገሩ ሲረጋ እንመለሳለን» ብለው አዲስ አበባ እንደ ገቡ ቀርተዋል። በእድሩ ልማድ ዳኛ በሕይወት ሳለ ወንበሩ ለሌላ አይሰጥም፤ ጉባኤውም ከአራት ሰው ከጎደለ የተወሰነው ሁሉ እንዳልተወሰነ ይቆጠራል።

ከአራቱ አንዱ ጋሼ ዲበኩሉ፣ አባታቸው ከመንዝ መጥተው እዚያው መቱ የወለዷቸው የቀድሞ የፍርድ ቤት ጸሐፊ፣ ጥላቸውን እንኳ የሚጠራጠሩ ሰው ነበሩ። በዚያ ሰሞን ደግሞ አይፈረድባቸውም፤ ሹሙ ተለውጧል፣ የቢሮው ቋንቋ ተለውጧል፣ ትናንት እጅ ይነሣቸው የነበረ ሁሉ ዛሬ አይቶ እንዳላየ ያልፋቸዋል።

ሊቀ መንበሩ ኦቦ ደበሳ፣ የቡና ነጋዴው፣ በሌሎቹ ሁለት ዳኞች በፉፋና በነመራ መካከል ተቀምጠው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እድር ሁሉ እስከ ጳጉሜን እንደ ገና ይመዝገብ፤ ያልተመዘገበ አዳራሹ ይታሸጋል ተብሏል። ከምዝገባው በፊት ግን አንድ ነገር እንወስን። ከዓመት በላይ የራቀ ዳኛ ከቁጥር ይውጣ፤ ከአራታችን ሦስት ከተገኘ ይበቃል።»

«አራታችንም በየእሑዱ እንገኛለን» አሉ ዲበኩሉ፤ «ታዲያ ኦቦ ደበሳ፣ ሦስት ምን ያደርግልዎታል?»

«ለክፉ ቀን ነው፣ ጋሼ ዲበኩሉ።»

«ለማን ክፉ ቀን?»

ደበሳ መሬት መሬት አዩ።

ዲበኩሉ ከዚህ ወዲያ ምስክር አላሻቸውም። ደበሳ፣ ፉፋና ነመራ ሦስት ናቸው፤ የሚተርፈው አራተኛው እኔ ነኝ፤ ዛሬ እኔን ከቁጥር ያወጣሉ፣ ነገ አዳራሹን የቡና መጋዘን ያደርጉታል፤ ያልጠረጠረ ተመነጠረ። ብድግ አሉ።

«ይኸው ሦስት ሆናችኋል፤ ወስኑ» ብለው ወጡ፤ ፉፋ «ኧረ ይቀመጡ ጋሼ» እያለ እስከ በር ቢከተላቸውም ዞረው አላዩትም። ጉባኤው ጎደለ፤ ተበተነ።

በሳምንቱ ደበሳ «ጉዳይ አለኝ» ብለው ወደ አዲስ አበባ ሄዱ። ዲበኩሉ አዳራሹን ሊጠብቁ በየእሑዱ መጡ፤ ከፉፋና ከነመራ ጋር ግን ሦስት ናቸው፤ ሦስት ሰው ምዝገባ ሊወስን አይችልም። ጳጉሜን አለፈ፤ አዳራሹ ታሸገ፤ የሐዘን ድንኳኑም እዚያው ውስጥ ቀረ።

በጥቅምት የደበሳ አስከሬን መጣ። ጉበታቸውን ታመው ኖሯል። ለቀስተኛው ድንኳን አጥቶ በዝናብ ሲበሰብስ፣ ባለቤታቸው ዲንቄ ዲበኩሉን አጠገባቸው አስቀምጠው፣ «ሐኪሙ የነገራቸው በሰኔ ነው፤ መታዘን ስለማይወዱ ለሰው እንዳትናገሪ አሉኝ። ‹እኔ ስጎድል እድሩ እንዳይቆም ሦስት ይበቃል አስብላለሁ› ይሉ ነበር» አሏቸው።

ለካ የሚጎድለው አራተኛ ደበሳ ራሳቸው ነበሩ። ዲበኩሉ መሬት ተከፍታ ብትውጣቸው በወደዱ።

ዛሬም የዋርካው እድር ነገር ሲነሣ የመቱ ሽማግሌዎች «መንግሥት ሲለወጥ ፈረሰ» ይላሉ፤ ያ ዘመን ብዙ ነገር አፍርሷልና ወሬውን የሚጠራጠር የለም። ጋሼ ዲበኩሉም እስከ ዕለተ ሞታቸው ይህ በተወራበት ሁሉ ተገኝተዋል፤ አንድም ቀን «አይደለም» አላሉም።