ማን ይቅደም?

«ግራዝማች፣ እርስዎ ይቅደሙ፤ በዕድሜ ይበልጡኛል።»

«ኧረ ምን ሲደረግ! እርስዎ በማዕረግ ይበልጡኝ የለም እንዴ፣ ቀኛዝማች?»

ተከራካሪዎቹ ሰዎች አይደሉም። «ዋርካ» የተባለችውን የጠፈር መርከብ በር የሚጠብቁ ሁለት አሳቢዎች፣ ማለትም ሰው ሠራሽ አእምሮዎች ናቸው። አንዱ የበሩን የቀኝ መቀርቀሪያ ይዟል፣ ሌላው የግራውን። ማዕረጉን ያወጡላቸው ሠራተኞቹ ለቀልድ ነበር። ጨዋነቱንም የለመዱት ከእነሱው ነው፤ በየበሩ ቆመው «ይቅደሙ፣ ኧረ ይቅደሙ» ሲባባሉ የሚውሉትን ሰዎች አይተው! አሮጌው ቀኛዝማች በዕድሜም በማዕረግም ታላቅ ስለነበር ችግር አልነበረም። ትናንት ተቃጠለና ልማዱን በወረሰ አዲስ ተተካ። ጣጣው የመጣው ከዚህ ነው።

ጋሽ መንበሩ የመርከቧን ገላ ጠግነው ሲመለሱ ደጅ ቀሩ። ውጭ አየር የለም። ያለቻቸው በጠፈር ልብሳቸው ውስጥ የተረፈችው ብቻ ናት፤ እሷም እያለቀች ነው።

«ክፈቱ ብያለሁ!» ጮኸች የበሩ ባለሙያ ትርንጎ።

«እሺ፣ እሳቸው ይጀምሩና» አሉ ሁለቱም እኩል።

ትርንጎ አንጀቷ ተቃጠለ። በሩ በእጅ አይከፈት! አሳቢ ደግሞ ጠባዩ በቁጣ አይለወጥም፤ አንዴ የለመደውን የሚተወው በጨዋታ ብቻ ነው።

«ትርንጎ» አሉ ጋሽ መንበሩ በሬዲዮ፣ ድምፃቸው ደክሞ። «ሰንጠረዡን ዘርጊላቸው።»

ሰሞኑን ቼዝ እያስተማሯት ነበር። ገና ጀማሪ ናት። ፈረስ በሌላው ላይ ዘሎ እንደሚያልፍ፣ ወታደር ወደ ኋላ እንደማይመለስ፣ ንጉሡ መውጫ ሲያጣ ሁሉም ነገር እንደሚያበቃ ታውቃለች፤ ሌላውን ትስተዋለች።

«በሞቴ ጋሽ መንበሩ፣ ቼዝ በተራ አይደል? እዚያም ‹ይጀምሩ› እየተባባሉ ሊቆሙ ነው!»

«ቼዝ አላልኩም። የድሮውን የእኛን ሰንጠረዥ ነው። መጀመሪያው ወረራ ነው፤ አንድ ጠጠር እስኪበላ ድረስ ተራ የሚባል የለም። ሁሉም እንደ ፍጥነቱ ይነዳል።»

ቼዝ ሲያስተምሯት ይህንንም አንስተውላት «ይሄ ጨዋታ ነው ግርግር?» ብላ ስቃባቸው ነበር። አሁን ግን ሰሌዳውን በብርሃን ዘረጋችና ሕጉን ነግራ በቀኛዝማች ላይ ወታደሮቿን ታዘምት ጀመር። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ገፋች። ፈረሷን አዘለለች።

«ይቅርታ፣ ተራው የማን…»

«ተራ የለም! ጦሬ ደጅህ ደርሷል፣ አንተ ትግደረደራለህ?»

ቀኛዝማች ፈራ ተባ እያለ አንድ ወታደር ገፋ። ማንም አልተቆጣውም። ሁለት ገፋ። ከዚያማ ማን ይያዘው! ትርንጎ እጇን ከሰሌዳው አነሳች።

«ግራዝማች፣ የኔን ጦር ተረከብ!»

ሰሌዳው እንደ ገበያ ተተራመሰ። አንዱ ሌላውን አይጠብቅ፣ አንዱ ሌላውን «ይቅደሙ» አይል፤ ፈረሱም ወታደሩም ባንድ ጊዜ ይጋልባል።

«በሩም ወረራ ነው!» ብላ ጮኸች።

ቀጭ! ሁለቱ መቀርቀሪያዎች እኩል ተፈናጠሩ። ጋሽ መንበሩ ወደ መሸጋገሪያው ክፍል ገቡ፤ በሩ ከኋላቸው ተዘግቶ ክፍሉ አየር ሲሞላ፣ በውስጠኛው በር ተንገዳግደው ወጡና እጇ ላይ ወደቁ። የራስ ቁራቸውን ስታወልቅላቸው አየሩን ሳቡ፣ ሳሉ፣ ከዚያ ሳቁ። ትርንጎ እልልታዋን አቀለጠችው። ከየክፍሉ ሠራተኛው እየሮጠ መጣ፤ እሷ እያለቀሰችም እልል ትል ነበር።

ማታ ለደስታው ራት ተዘጋጀ። ጋሽ መንበሩና ትርንጎ መመገቢያው በር ላይ እኩል ደረሱ።

«ይቅደሙ።»

«የለም፣ ዛሬማ አንቺ ነሽ የምትቀድሚው።»

«ኧረ በእግዜር! እርስዎ እያሉ?»

«በሞትኩት!»

ከኋላቸው ሰው ተሰልፏል፤ ወጡ እየቀዘቀዘ ነው። ቀኛዝማችና ግራዝማች በጣሪያው ድምፅ ማጉያ እየሰሙ ትንሽ ታገሡ። ከዚያ አንዱ ሌላውን ሳይጠብቅ፣ ባንድ ድምፅ ጮኹ።

«ወረራ!»

ጋሽ መንበሩና ትርንጎ በሳቅ እየፈነዱ፣ ትከሻ ለትከሻ ተጋፍተው ገቡ።