ሚዛን ያልሰጠው ነጥብ

ሟቹ ወለሉ ላይ በጀርባው ተንጋሏል። ጭንቅላቱ ከብረት ጠረጴዛው ማዕዘን ሥር፣ እግሩ አጠገብ አንድ የተገለበጠ ወንበር፣ ከወንበሩ ወዲህ ደግሞ አንድ አምፖል። ቀድመው የደረሱት ሁለት ፖሊሶች ነገሩን ጨርሰውታል፦ አምፖል ሊቀይር ወንበር ላይ ወጣ፣ አዳለጠው፣ ማዕዘኑ መታው። ሞት ሰበብ አያጣም ተባብለው ወረቀቱን ሊሞሉ ሲሉ መርማሪዋ ገባች።

መርማሪዋ ሃምሳ አምስት ዓመት የሞላት፣ ጉልበቷን የሚያማት ሴት ናት። በጣቢያው ከጀርባዋ «ወንፊት» ይሏታል። ስሙን ሰምታዋለች፤ ደስ ሳይላትም አልቀረም። ወረቀቱን ከፖሊሱ እጅ ቀስ ብላ ወሰደችና በሩ ላይ ወደቆመችው ሴት ዞረች። የሟቹ ታላቅ እህት ናት፣ የትምህርት ቤት ጸሐፊ፣ አሥር ሰዓት ላይ ከሥራ ስትመለስ ያገኘችው እሷ ነች። ቦርሳዋን እስካሁን ከትከሻዋ አላወረደችም።

«እህቴ፣ ወንድምሽ አምፖል መቀየር ይወድ ነበር?»

«እሱ?» አለች እህትየው፤ በእንባዋ መሀል ሳቅ የመሰለ ነገር አመለጣት። «እሱ እኮ አልጋ ላይ ቆሞ መጋረጃ መስቀል የሚፈራ ሰው ነው። እዚህ ቤት አምፖል የምቀይረው እኔ ነኝ። ይሄንንም እሑድ ዕለት ነው የቀየርኩት።»

መርማሪዋ አምፖሉን በመሐረብ አነሳችና የጠረጴዛው መብራት ላይ ገጥማ ማብሪያውን ተጫነች። ቦግ አለ።

«የሚሠራ አምፖል ማን ይፈታል?» አለች ለማንም ሳይሆን። «ደግሞስ ሰውየው ወድቆ ጭንቅላቱ ሲፈነከት፣ በእጁ የያዘው አምፖል ጭረት እንኳ ሳያገኘው ቀረ?»

ሁለቱ ፖሊሶች ኮርኒሱን ማየት ጀመሩ።

ሟቹ የቪዲዮ ጌም ሃያሲ ነበር። ጌም እየተጫወተ ጥሩና መጥፎውን ይጽፋል፣ በመጨረሻም ከአሥር ነጥብ ይሰጣል። አንባቢዎቹ «ሚዛን» ነው የሚሉት። ከጌም ሠሪዎች እስክሪብቶ እንኳ አይቀበልም፤ አንዴ ካፖርት ቢልኩለት በላከው ሰው ወጪ መልሶታል። በዚህ ሥራ ደንብ አንድ ጌም ገበያ ከመውጣቱ በፊት ለሃያስያን ይላካል፤ ሁሉም ጽሑፋቸውን የሚያወጡት ግን በአንድ ቀንና በአንድ ሰዓት ነው። የዚያ ሳምንት ጌም «የማዶ ሰው» ይባላል፤ አባቱን ፍለጋ ወንዝ ስለሚሻገር ልጅ ነው። የተቀጠረው ሰዓት ሐሙስ ከቀኑ ዘጠኝ ነበር። በዘጠኝ ሰዓትም ኮምፒውተሩ እንደታዘዘው የሚዛንን ጽሑፍ በራሱ አወጣው፦ ዘጠኝ ተኩል ከአሥር።

ሐኪሙ ሚዛን የሞተው ከስድስት እስከ ሰባት ሰዓት ባለው ጊዜ ነው አለ።

በማግስቱ ዓርብ፣ ቀብሩ ሳይፈጸም፣ እህትየው ስልኳን ይዛ ጣቢያ መጣች። ሌሎቹ ሃያስያን ለጌሙ አምስትና ስድስት ሲሰጡ፣ ሚዛን ብቻ ዘጠኝ ተኩል። የሰው አፍ ደግሞ ወንጭፍ ነው። «ሚዛን ተሸጠ»፣ «ስንት ከፈሉት?»፣ «እኛም ሬሳው ሳይቀዘቅዝ እውነቱን አወቅን» የሚሉ ኮሜንቶች ከጽሑፉ ሥር ተደርድረዋል።

«ስም ከመቃብር በላይ ይውላል አይደል የሚባለው?» አለች። «ገዳዩን ያዙልኝ ብዬ አልለምንዎትም፤ እሱ ሥራዎ ነው። ወንድሜ እንዳልተሸጠ ግን ይናገሩልኝ። ከዚህ ሌላ ያለው ነገር የለም። ልጅ የለው፣ ቤት የለው፣ ስሙ ብቻ ነው ያለው።»

መርማሪዋ አንድ ወረቀት ከመሳቢያ አወጣች። የኮምፒውተር ባለሙያዎቹ ከሚዛን ማሽን ላይ የተሰረዘ ጽሑፍ መልሰው አግኝተዋል።

«ይሄ ነው እውነተኛው» አለች። «ስድስት ነው የሰጠው። ሰባት ሰዓት ከሃያ ላይ አንድ ሰው ሰርዞት በምትኩ ዘጠኝ ተኩሉን ጻፈ። በዚያ ሰዓት ወንድምሽ በሕይወት አልነበረም።»

እህትየው ወረቀቱን ተቀበለች። የመጀመሪያው መስመር «የዚህ ጌም ደራሲ አብሮ አደጌ ነው፤ ስለዚህ ሁለት ጊዜ መዘንኩት» ይላል። አንገቷን ደፍታ አለቀሰች፤ ከሞቱ ወዲህ ድምፅ አውጥታ ስታለቅስ ይህ የመጀመሪያዋ ነበር።

ነገር ከሥሩ ውሃ ከጥሩ ነውና፣ መርማሪዋ ወደ ጌም ሠሪዎቹ መሥሪያ ቤት ሄደች። አሥራ አራት ሠራተኞች፣ አንድ ፎቅ፣ የትናንት ምሳ ዕቃ ያልተነሳባቸው ጠረጴዛዎች። ሰው ሁሉ ወደ ስክሪን አጎንብሷል እንጂ የሚሠራ ያለ አይመስልም።

አለቃው የጌሙ ዋና ፕሮግራመርም ነው። ዓይኑ ቀልቷል።

«አከፋፋዩ ቁርጡን ነግሮናል» አለ። «ሚዛን ከስምንት በታች ከሰጠ ጌሙን አላወጣም፣ እናንተም ቤቱን ዝጉ ብሎናል። ለሠራተኛው አልነገርንም። የምናውቀው ሦስት ነን፤ እኔ፣ የማስታወቂያ ኃላፊዋ፣ ደራሲው።»

«ትናንት ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት የት ነበሩ?»

«መኪናዬ ውስጥ። ብቻዬን። እንዴት ብዬ እንደምበትናቸው እያሰብኩ።»

የማስታወቂያ ኃላፊዋ ስትናገር እንኳ ስልኳን አታስቀምጥም።

«ካፖርቱን የላኩት እኔ ነኝ፤ ጠልቶኛል፣ ጠልቼዋለሁ» አለች። «ግን ልንገርዎ እማማ፣ ሃያሲ በር ይከፍታል እንጂ ቤት አይሞላም። ቤት የሚሞላው ወሬ ነው። አንዱ ለጓደኛው ‹ይሄን ሳትጫወት እንዳትሞት› ሲለው ነው ጌም የሚሸጠው። እኔ የሰው አፍ መግዛት ብችል ኖሮ የአንድ ሰው ነጥብ ምን ያደርግልኛል?»

«ጌሙን ተጫውተሽዋል?»

«ለሃያስያን ከመላኬ በፊት አንዴ እስከ መጨረሻው። ምን እንዳለበትና ምን እንደወጣበት ካላወቅኩ ምን ብዬ እሸጠዋለሁ?»

ደራሲውን ያገኘችው በልቅሶው ቤት ነው። ወንበር ያመጣል፣ ሰው ይቀበላል፣ እህትየውን «እትዬ፣ ትንሽ ቅመሺ» እያለ ይለምናል። ከሚዛን ጋር በአንድ ደብተር የተማሩ ናቸው። አባቱ ጀልባ ቀዛፊ ነበሩ፤ እንደነገራትም በጌሙ ውስጥ ልጁን የሚያሻግረው ሽማግሌ የሚናገረው ሁሉ አባቱ ያሉትን ነው።

«ሰባት ዓመት ነው የጻፍኩት» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ያ የወንዙ ቦታ ባይኖር ኖሮ ጌሙ ባዶ እንቅስቃሴ ነበር።»

«ሲያልቅ እንዴት ሆኖ አገኘኸው?»

«አላየሁትም። የጻፍኩትን ከጨረስኩ በኋላ አልጫወትም፤ ልማዴ ነው። በየቦታው ስህተት እያየሁ እታመማለሁ። እሱ እንኳ ‹ያበሰልከውን የማትቀምስ ጉድ› እያለ ይስቅብኝ ነበር።»

ትናንት በምሳ ሰዓት ቤቱ ተኝቶ እንደነበር ነገራት። ያየው ሰው የለም።

ከዚያ መርማሪዋ በሕይወቷ ሞክራ የማታውቀውን አደረገች። የሚዛን ወንበር ላይ ተቀመጠችና ጆይስቲክ ጨበጠች። በመጀመሪያው ሩብ ሰዓት ልጁን ሦስት ጊዜ ገደል ከተተችው። አጠገቧ የቆመው ፖሊስ ሳቁን በሳል ሲሸፍን «ውጣና ሳል» አለችው። ሚዛን ጨዋታውን አቁሞ ካስቀመጠባቸው ቦታዎች እየጀመረች ወንዙ ጋ ደረሰች፣ ተሻገረች፣ ተመልሳም ተሻገረች። ከዚያ ሁለቱን ጽሑፎች ጎን ለጎን ዘርግታ መስመር በመስመር አነበበች።

በአሥር ሰዓት ሁሉም በሚዛን የሥራ ክፍል ተሰበሰቡ። አለቃው በሩን ተደግፏል፣ የማስታወቂያ ኃላፊዋ መስኮቱ ጋ፣ እህትየው አልጋው ጫፍ ላይ። ደራሲው አጠገቧ ቆሟል፣ እጁ ትከሻዋ ላይ።

«በአጭሩ ልንገራችሁ» አለች መርማሪዋ። «ሚዛን ከወንበር አልወደቀም። የሚሠራ አምፖል ተፈቶ ወለል ላይ የተቀመጠው ከሞተ በኋላ ነው። በሩ አልተሰበረም፣ ስለዚህ ራሱ የከፈተለት ሰው ነው። ያ ሰው ስድስቱን ሰርዞ ዘጠኝ ተኩል ጻፈ። ዘጠኝ ተኩል የሚያስፈልገው ደግሞ የአከፋፋዩን ቁርጥ ለሚያውቅ ሰው ነው። ያም ከእናንተ ከሦስታችሁ አንዱ ነው።»

ሁለቱን ወረቀቶች አነሳች።

«ስድስት የሰጠው ጽሑፍ ስለ ወንዙ እንዲህ ይላል፦ ‹ተጫዋቹ ብቻውን ይቀዝፋል። አንድም ቃል አይሰማም። እዚህ አንድ ነገር መኖር ነበረበት።› ዘጠኝ ተኩሉ ደግሞ፦ ‹ሽማግሌው ቀዛፊ ወንዙ መሀል ሲናገር ከጌም በላይ የሆነ ነገር ሰማሁ።› አሁን ደራሲው ይሂድና ወንዙን ያሻግረን።»

ደራሲው ግራ ገብቶት ተቀመጠ። ጆይስቲኩን ያዘ። ጀልባዋ ከዳር ተነሳች።

«ቆዩ፣ አሁን ይመጣል» አለ። «መሀል ስትደርስ ነው የሚናገረው።»

ጀልባዋ መሀል ደረሰች። የመቅዘፊያው ድምፅ ብቻ ይሰማል። ጀልባዋ ማዶ ደረሰች።

«አንድ ነገር ነክቼ ነው። እንደገና ላስጀምረው።» እንደገና አስጀመረው። እንደገና ማዶ ደረሰ። ወደ አለቃው ዞረ። «የት አለ?»

አለቃው መሬት መሬት እያየ ተናገረ። «አወጣሁት። እዚያ ቦታ ላይ ሲደርስ ማሽኑ ይደርቃል። ለሃያስያን ከመላኩ ከአሥር ቀን በፊት ነው ያወጣሁት። ብነግርህ ጥለኸን ትሄድ ነበር። እንደማትጫወተው ስለማውቅ... ከወጣ በኋላ እነግረዋለሁ አልኩ።»

«እኔም አውቅ ነበር» አለች የማስታወቂያ ኃላፊዋ። ስልኳን ለመጀመሪያ ጊዜ ኪሷ ከተተች።

«እንግዲህ አያችሁ» አለች መርማሪዋ፤ ድምፅዋ ውስጥ ድል አልነበረም። «አለቃው ሽማግሌው እንደሌለ ያውቃል፤ ያወጣው እሱ ነው። ኃላፊዋም ታውቃለች። ሁለቱ የሐሰት ጽሑፍ ቢጽፉ የሌለን ሰው አያወድሱም። ሽማግሌው አሁንም ጀልባው ላይ ተቀምጦ ይናገራል ብሎ የሚያምን አንድ ሰው ብቻ ነበር።»

ደራሲው ስክሪኑን እያየ ነበር።

«ልመክረው ነው የመጣሁት» አለ ቀስ ብሎ። «ቢያንስ ስምንት ስጠን፣ አሥራ አራት ሰው ነው አልኩት። አይሆንም ብሎ የጻፈውን አሳየኝ። ‹ብቻውን ይቀዝፋል› ይላል። ሳትጫወተው ነው የጻፍከው አልኩት። ‹ሽማግሌ የለም› አለኝ። የአባቴን ቃል! አባቴን እኮ ያውቃቸዋል፣ ጀልባቸው ላይ ነው ዋና የተማረው። እየዋሸ መሰለኝ። ከዚያ... ‹ና ቁጭ በል፣ ላሳይህ› ብሎ ወደ ኮምፒውተሩ ዞረ። ያኔ ነው የገፋሁት።»

እህትየው ቅድም እጁ ያረፈበትን ትከሻዋን በመዳፏ ጠረገች። አቧራ እንደምታራግፍ ነው በዝግታ የጠረገችው።

«ሊያሳይህ ነበር» አለች። «ሁለት ደቂቃ እኮ ነው አንተ ልጅ። ሁለት ደቂቃ መታገሥ አቃተህ?»

ፖሊሱ ደራሲውን ሲወስደው ጆይስቲኩን ከእጁ ማስለቀቅ ነበረበት።

ከዚያ በኋላ የሆነውን መተረክ እኔንም ደስ አይለኝም። ወሬው አንድ ቀን ሳይሞላው ከተማውን አዳረሰ። «ሰው የተገደለበት ጌም» ተባለ። በቁርጡ የዛተው አከፋፋይ ራሱ ደውሎ ቶሎ አውጡ አለ። አለቃው ለወራት መድኃኒት አጣሁለት ያለውን ብልሽት በአራት ቀን አስተካክሎ ሽማግሌውን ጀልባው ላይ መለሰው። ጌሙ ሲሸጥ፣ ሰው ሁሉ ለጓደኛው የሚነግረው ስለ አንድ ቦታ ብቻ ሆነ፤ ወንዙ መሀል ሽማግሌው ስለሚናገረው። ደራሲው ስለዚያ ቦታ ትክክል ነበር። ይህም ምንም አልጠቀመውም።

በሦስተኛው ሳምንት እህትየው ጣቢያ ተመልሳ መጣች። የወንድሟን እውነተኛ ጽሑፍ፣ ስድስት የሰጠበትን፣ በገጹ ላይ አውጥታዋለች። ስልኳን ለመርማሪዋ ዘረጋችላት።

«‹ብቻውን ይቀዝፋል› ይላል እንዴ? ሽማግሌውን ሳያይ ነው ነጥብ የሰጠው»፣ «ግማሹን ሳይጫወት የሚጽፍ ኖሯል»፣ «ሞተ ብለን ልንዋሽለት ነው?»

«እርስዎ በጋዜጣ ተናግረዋል፣ ችሎት ላይም ተነግሯል» አለች እህትየው። «ማንም አያነበውም። ‹ጓደኛዬ ነው የነገረኝ› ነው የሚሉኝ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ሲባል እሰማለሁ። ስንት ሲያድር ነው?»

መርማሪዋ መነጽሯን አደረገች፣ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስተካከለችና በአንድ ጣቷ፣ ፊደል በፊደል፣ በሕይወቷ የመጀመሪያውን ኮሜንት ጻፈች፦ «ሚዛን የተጫወተውን ጌም በእጄ ተጫውቼዋለሁ። ያኔ ሽማግሌው አልነበረበትም። ሰውየው ያየውን ነው የጻፈው።»

ላከችው። ስልኩን ለእህትየው ከመመለሷ በፊት መልስ ገባ። ሁለቱም አጎንብሰው አነበቡት።

«አንቺስ ስንት ተከፈለሽ?» ይላል።