ብላንዲንን ማሳቅ ክልክል ነው

«እንደምን አደርሽ ብላንዲን? ቤተሰብ ሁሉ ሰላም ነው?»

እንዲህ ያላት ራስማኔ ነው። ያ ሞሲው ራስማኔ፣ ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ቀን እንኳ በደህና ሰላም ብሏት የማያውቀው! ብላንዲን ቦርሳዋን ዴስኩ ላይ ወርውራ አፈጠጠችበት።

«ምን ነካህ አንተ?»

«ምንም። ሰላም ልበልሽ ብዬ ነው።»

እሷ ሳሞ ናት፣ እሱ ሞሲ፤ የሁለቱ ጎሳዎች ሰላምታ ስድብ ነው። እሱ «ውሻ በሊታ» ይላታል፣ እሷ «አህያ በሊታ» ትለዋለች፣ ከዚያ ጠዋቱ ይጀመራል። ከቅድመ አያት የመጣ የቀልድ ዝምድና ስለሆነ መቀየም ነውር ነው። መተው ደግሞ የባሰ ነው። ሞሲ በትህትና የሚያናግረው ሳሞ ወይ ባዕድ ነው፣ ወይ ተጣልተውታል። ብላንዲን ደግሞ ከማንም አልተጣላችም።

ነገሩ የመጣው ከሦስት ሳምንት በፊት ነው። ራስማኔ የውሃ ቧንቧው ጋ ሲቀልድባት በሳቅ ፍርስ አለችና ጉልበቷ ከዳት፤ እንደ ባዶ ጆንያ ተዘረጋች። የሚባለውን ሁሉ ትሰማለች፣ ጣቷን ማንቀሳቀስ ግን አቃታት። ክፍል ውስጥ እንቅልፍ ሲጥላትማ ቆይቷል። አንዱ ሰነፍ ናት አለ፣ ሌላው ጂኒ ነው አለ። ዋና ከተማው ዋጋዱጉ ያለው ሐኪም ግን በሽታ መሆኑን ነገራት፣ መድኃኒትም ሰጣት። እንቅልፉ ቀለል አለላት፤ ሳቁ ግን አሁንም ይጥላታል።

ዳይሬክተር ባዚዬ ታዲያ ተማሪውን ሰብስቦ ደነገገ፤ ብላንዲንን ማሳቅ ክልክል ነው። ለሷም ለብቻዋ፣ «ደግመሽ ከወደቅሽ ለራስሽ ደህንነት ቤት ትቀመጫለሽ። ብሔራዊ ፈተናውን በሚቀጥለው ዓመት ትወስጃለሽ» አላት። እናቷም ተስማማች። «ለፈተናው የቀረው አራት ወር ነው ልጄ፣ ጥርስሽን ክደኚ» አለቻት። አራት ወር ሙሉ ሰው እየራራላት! ብላንዲን ንዴቷን መዋጥ አቃታት።

የዛሬው ሦስተኛ ክፍለ ጊዜ ሳይንስ ነው፤ ገለጻ የምታቀርበው እሷ ናት። መምህርት ኪንዳ ስሟን ስትጠራ ብላንዲን ወጣችና ጥቁር ሰሌዳው ሥር መሬት ላይ ቁጭ አለች።

«ወንበር አለ እኮ» አለች መምህርቷ።

«እዚህ ይሻለኛል ቲቸር።»

ከዚያ ጀመረች። «አንጎላችን ውስጥ ኦሬክሲን የሚባል መልእክተኛ ኬሚካል አለ። የሚያርፍበት ደግሞ ተቀባይ አለው። ተቀባዩ መልእክቱን ሲያገኝ ነቅተን እንቆያለን፤ ስንስቅም ጡንቻችን አይከዳንም። ፈረንጆች ይህን ያወቁት ከውሾች ነው። ጥሩ ምግብ ሲያዩ በደስታ ዘጭ የሚሉ ውሾች ነበሯቸው። ሲመረመሩ መልእክተኛው አለ፣ ተቀባዩ ነው የተበላሸው። የኔ ግን ተቃራኒው ነው። ተቀባዬ ጤነኛ ነው፤ መልእክተኛውን የሚሠሩት ሕዋሳት ናቸው የጠፉት። ይኸው ነው። ጂኒም ስንፍናም የለበትም።»

ተማሪው ሁሉ በርኅራኄ አያት። ያ የሰለቻት አስተያየት ነው።

«ራስማኔ፣ ስለ ውሾቹ የምትለው የለህም?» አለች ብላንዲን።

ራስማኔ አንገቱን ደፋ። «ዳይሬክተሩ እኮ...»

«ዳይሬክተሩ ሳሞ ነው?»

«አይደለም።»

«ሞሲ ነው?»

«አይደለም።»

«ታዲያ በኛ መሃል ምን ጥልቅ አደረገው? አፍህ የተዘጋው አህያ በልተህበት ነው?»

ከኋላ አንዱ በሳቅ ፈነዳ። ራስማኔ መምህርት ኪንዳን አያት፤ እሷ ያልሰማች መስላ በመስኮቱ ወደ ውጭ ታያለች። ተነሣ።

«እነዚያ ውሾች እንኳን ሳሞ አገር አልተወለዱ! ወደቁ ብሎ ማን ያጠናቸዋል? ድስት ነበር የሚጣደው!»

ብላንዲን መጀመሪያ አገጯ ላላ፣ ቀጥሎ አንገቷ፣ ከዚያ ቀስ ብላ በጎኗ ተጋደመች። ስትወድቅም እየሳቀች ነበር። «ዳይሬክተሩን ጥሩ!» የሚል ድምፅና ሩጫ ሰማች። «ሌላው ከቦታው አይነሣ፤ ሰዓት ያዙ» አለች መምህርቷ። ራስማኔም ጀምሯል፣ አይመለስም። «ያው ነው፣ ሳሞ ሥራ ሲሰጡት እንዲህ ነው የሚሆነው።» ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ሦስት ሳምንት ሙሉ የናፈቃት ይህ ነበር።

ከአንድ ደቂቃ በኋላ ጣቶቿ ታዘዙላት። ሰሌዳውን ተደግፋ ስትቆም ዳይሬክተር ባዚዬ በሩ ላይ ቆሟል።

«ምን ብዬሽ ነበር? ቦርሳሽን ያዢና ወደ ቤት።»

ዛሬ ከወጣች ፈተናው እንደሚያመልጣት ታውቃለች።

«አልሄድም ጌታዬ» አለች። «ቁጭ ብዬ ስለነበር አልተጎዳሁም። ከሳቅሁ እወድቃለሁ፣ ከወደቅሁ እነሣለሁ። እናቴንም ይጥሯት፣ ለሷም ይህንኑ እነግራታለሁ።»

«ገለጻው አላለቀም ዳይሬክተር» አለች መምህርት ኪንዳ።

ዳይሬክተሩ የበሩን መቃን ተደግፎ እዚያው ቆመ። ብላንዲን ወደ ክፍሉ ዞረች።

«ጥያቄ ያለው?»

አራት እጆች ወጡ። አንዱ የራስማኔ ነው፤ ገና ከአሁኑ ከንፈሩን ነክሶ ሳቁን ይዟል። ብላንዲን ዳይሬክተሩን አንድ ጊዜ አየችው። ከዚያ ተመልሳ መሬት ላይ ቁጭ አለችና ወደ ራስማኔ ጠቆመች።