የነገን ቀን የያዘው ድንጋይ

አቶ ሶሬሳ የራሳቸውን የመቃብር ድንጋይ ከቀረጹ ዘጠኝ ዓመት ሆኗቸው ነበር፤ የሞታቸውን ቀን ብቻ ባዶ ትተውታል። ትናንት፣ ኅዳር ፲፩፣ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ ልጃቸው ብርቅነሽ ከድንጋዩ ሥር ሞተው አገኘቻቸው። አጠገባቸው መርዝ የሸተተ የጠላ ጣሳ ነበር። ከስማቸው በታች ደግሞ አዲስ ቀን ተቀርጿል፦ ኅዳር ፲፪።

ዛሬ ጠዋት ጉለሌ ኅዳርን ታጥናለች። ከቀጨኔ ሽቅብ የወጣው የቆሻሻ ጭስ በዚያ ክፉ የኅዳር በሽታ ያለቁትን ሰዎች ድንጋዮች ሸፍኗል። የተቀረጹት ፊቶች ከጭሱ ውስጥ ብቅ ጥልቅ ይላሉ፤ እውነቱን ለመናገር ያስፈራል።

«ማታ የዛሬን ቀን ጽፎ አገኘነው። ድንጋዩ ነገን ያውቃል» አለ ሃያ ዓመት አብሯቸው የቀረጸው ጃለታ።

«ቀኑን ቀርጾ መርዝ ጠጣ። ራሱን ላጠፋ ፍትሐት የለም፤ ቶሎ ይቀበር» አሉ የደብሩ ጸሐፊ መሪጌታ ቦጋለ።

ብርቅነሽ የመርማሪዋን የኢንስፔክተር ኢፍቱን እጅ ያዘች። «እባክሽ እህቴ፣ አባቴ ያለ ጸሎት እንዳይቀበር።»

ኢፍቱ ወደ ጃለታ ዞረች። «ድንጋይ ስትቀርጽ ልብስህ እንዴት ይሆናል?»

«ወፍጮ ቤት የዋልኩ ነው የምመስለው።»

ማታ አስከሬኑ ሲነሳ ኢፍቱ አይታለች፤ የሟቹን ጥቁር ካፖርት ብናኝ አልነካውም።

የደብሩን አጥር የሚሠራውን ቢኒያምን ጠየቀችው። «ከሽማግሌው ጋር ተጣልተህ ነበር?»

«አጥሩ በድንጋዮቹ ላይ አያልፍም ብለው ነው፤ በቃ ተስማማን። ማለቴ... አሮጌዎቹን ድንጋዮች የሚሸጥ ሰው አለ፣ ለሰበካ ጉባኤው እናገራለሁ ብለውኝ ነበር።»

ኢፍቱ ሁሉንም ድንጋዩ ዘንድ ሰብስባ ለሦስቱ ወንዶች ወረቀት አደለች። «ለፎርሙ ነው። አቶ ሶሬሳ የሞቱበትን ቀን ጻፉልኝ።» ከዚያ ጮክ ብላ አነበበች። «ጃለታ፣ ፲፩። ቢኒያም፣ ፲፩። መሪጌታ፣ ፲፪።»

«ፀሐይ ጠልቃ ነበራ! የሚካኤል ዋዜማ ተቁሞ...»

«ልክ ነዎት። በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ፀሐይ ከጠለቀች ቀኑ የነገ ነው። ካፖርታቸው ንጹሕ ስለሆነ አቶ ሶሬሳ አልቀረጹትም። የቀረጸው ቀኑን እንደ እርስዎ የሚቆጥር ሰው ነው። ድንጋዮቹን የሚሸጡት እርስዎ ነዎት፤ ሊያጋልጡዎት ሲሉ በጠላው መርዝ ቀደሟቸው፤ ራሳቸውን ያጠፉ እንዲመስልም ቀኑን ቀረጹ።» የካባቸውን እጅጌ ገለበጠችው። ስፌቱ ውስጥ ነጭ ብናኝ ተጋግሯል። መሪጌታው አንገታቸውን ደፉ።

ከሰዓት በኋላ ፍትሐቱ ተደረሰ። ጃለታ የተሳሳተውን ቀን ሊፍቅ መሮውን ሲያነሳ ብርቅነሽ እጁን ያዘችው።

«ተወው ጃለታ» አለች እያለቀሰች። «ለአባቴ የመሰከረለት እሱ ብቻ ነው።»