ሐዋሳ ያልሄደው ልጅ

በጀሞ ኮንዶሚኒየም፣ በእነ አቶ ከበበው ብሎክ፣ ሰው ሲታመም መጀመሪያ የሚሰሙት እሳቸው ናቸው። ሠላሳ ዓመት መዝገብ ቤት ሠርተው ጡረታ ከወጡ ወዲህ የእድሩ የሕሙማን ጠያቂ ኮሚቴ ሰብሳቢ ሆነዋል። እግሩ የተሰበረውም፣ ደም ግፊት የጣለውም ስሙ በደብተራቸው ይሰፍራል፤ ሁለት ጠያቂ ይመደብለታል፤ ብርቱካንና ሙዝ ተይዞ ይኬዳል። በዚህ ሥራቸው የሚያማቸው ሰው አልነበረም። ጠያቂ ሳይልኩለት የቀረ ሕመምተኛም ከአንድ ሰው በቀር የለም፤ እሱም የገዛ ልጃቸው ነው።

ሚሳኤል በሲቪል ምህንድስና ተመርቆ ሁለት ዓመት አንድ ሕንፃ ላይ ሠራ። የሕንፃው ሥራ ቆመና ቤት ዋለ። መጀመሪያ እንቅልፍ አጣ፤ ቀጥሎ ምግብ ጠላ፤ በመጨረሻም ከክፍሉ መውጣቱን ተወው። አንድ ቀን ከብሎኩ ሥር ሱቅ ያለው ሸምሱ፣ "ጋሼ፣ ሚሳኤል ምነው ጠፋ?" ብሎ ጠየቃቸው። አቶ ከበበው አፋቸው ላይ የመጣላቸውን ተናገሩ።

"ሐዋሳ ሥራ አግኝቶ ሄደ።"

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል። የአቶ ከበበው ግን እያደር ከበዳቸው። "እንኳን ደስ አላችሁ" ያለው ጎረቤት ለፋሲካ "ልጁ አልመጣም እንዴ?" ብሎ ጠየቀ፤ "ፈቃድ ከለከሉት" አሉ። "ስትደዋወሉ ሰላም በሉልኝ" ያላቸውንም በሳምንቱ ሲያገኙት "እሱም ሰላም ብሎሃል" ይሉታል። ስምንት ወር ሙሉ ከሐዋሳ ያልተላከ ሰላምታ ሲያድሉ ከረሙ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሚሳኤል ሳይታሰብ ተነሥቶ ጫማውን አደረገና "ትንሽ ልራመድ" ብሎ በሩን ከፈተ። ደረጃው ላይ ጎረቤቶች ቆመው ያወራሉ። አቶ ከበበው ሮጠው እጅጌውን ይዘው ወደ ውስጥ ሳቡትና በሩን ድምፅ ሳያሰሙ ዘጉት። "ቆይ፣ ይለፉ" አሉት። ልጁ ጫማውን አውልቆ ተመልሶ ተኛ። ከዚያ በሁለተኛው ሳምንት እናቱን፣ "እማዬ፣ እኔ ባልኖር ይቀላችሁ ነበር" አላት።

እናቱ ወይዘሮ ክብረት ይህን ሰምታ ዝም የምትል ሴት አይደለችም። "ዛሬ ሐኪም ቤት ካልሄድክ፣ ደረጃው ላይ ወጥቼ ጎረቤቱን ሁሉ እጠራለሁ" አለቻቸው። በዚያው ዕለት፣ ቅዳሜ፣ አቶ ከበበው ሀና ማርያም አካባቢ የምትሠራ ፅጌረዳ የምትባል የሥነ ልቦና ባለሙያ ዘንድ ሄዱ። ሀና ማርያምን የመረጡት እዚያ የሚያውቃቸው ሰው ስለሌለ ነው።

ልጁ ያለውን ስትሰማ ፅጌረዳ መጀመሪያ የጠየቀችው ቀላል ነገር ነበር። "አሁን ብቻውን ነው?"

"እናቱ አጠገቡ ናት።"

"መልካም። ለአንድ አፍታም ብቻውን አይተዉት። የባሰ ነገር ከተናገረ ነገ አትበሉ፤ ወዲያው ሆስፒታል ውሰዱት።" ከዚያ ወረቀቷን አስቀመጠችና "ለጎረቤት ምን ብላችኋል?" አለች።

አቶ ከበበው ሕመሙ መቼ እንደ ጀመረ፣ በዘር ይኑር አይኑር ትጠይቀኛለች ብለው ነበር የተዘጋጁት። "ይሄ ከሕመሙ ጋር ምን አገናኘው?"

"ለሁሉም ቤተሰብ የማቀርበው ጥያቄ ነው ጋሼ። አሥራ አንድ ዓመት ስሠራ ያየሁት፣ ሕመምተኛውን ከሕመሙ እኩል የሚያስረው ለጎረቤት የተነገረው ታሪክ ነው።"

ሐዋሳን ሲነግሯት አልሳቀችም፣ አልተቆጣችምም። ሕመሙ ድባቴ እንደሚመስል፣ ልጁ መምጣት ካቃተውም ሰኞ ቤት ድረስ እንደምትሄድ ነገረቻቸው። "አንድ ነገር ብቻ እለምንዎታለሁ። ማን ናት ብለው ሲጠይቁዎት የሥነ ልቦና ባለሙያ ናት፣ ለሚሳኤል ነው የመጣችው ይበሉ። ዘመድ ሆኜ ከገባሁ እኔም ከደባቂዎቹ አንዷ ሆንኩ ማለት ነው። ያኔ ልጁ አያምነኝም።"

"አንዴ እብድ የሚል ስም ከወጣለት ማን ሥራ ይሰጠዋል? ማንስ ሴት ልጁን ይድርለታል? እርስዎ ነገ ወደ ሌላው በሽተኛ ይሄዳሉ፤ ስሙ የሚቀረው እኛ ላይ ነው።"

"ፍርሃትዎ እውነት ነው፤ ክፉ የሚያወራ አይጠፋም። ግን እርስዎ ስሙን እየጠበቁለት ልጁ ራሱ ከእጅዎ እየወጣ ነው።"

አቶ ከበበው ተናደው ወጡ። ሚኒባስ ውስጥም ንዴታቸው አልበረደም። የዚህችን ሴት ደጅ ከመጥናት ልጁን አግባብቼ ሌላ ሐኪም ዘንድ ብወስደው ይሻላል ብለው አሰቡና፣ ቤት እንደ ገቡ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

"ተነሥ ልጄ፣ ሐኪም ዘንድ እንሂድ።"

ሚሳኤል ፊቱን ከግድግዳው ሳያዞር፣ ያለ ምንም ምሬት፣ "እንዴት አድርጌ አባዬ? እኔ እኮ ሐዋሳ ነኝ" አለ።

አቶ ከበበው ከአልጋው ጫፍ ተነሡ። ሕመሙን ያመጡት እሳቸው አይደሉም፤ በሩን የቆለፉት ግን እሳቸው ነበሩ። ያን ቀን ራት አልበሉም።

በማግስቱ እሑድ በእድሩ ድንኳን ስብሰባ ነበር። እንደ ወትሮው ደብተራቸውን ገልጠው የሕሙማኑን ስም አነበቡ። ሦስት ስም ነበር። ሦስተኛውን ከጨረሱ በኋላ አልተቀመጡም።

"ሚሳኤል ከበበው" አሉ። "ሦስተኛ ፎቅ።"

"ሐዋሳ አይደለም እንዴ?" አለ ሸምሱ።

"አልሄደም። ስምንት ወር ሙሉ ቤት ተኝቷል። ድባቴ ይዞታል፤ የአእምሮ ሕመም ነው። እኔ ዋሸኋችሁ።"

ድንኳኑ ውስጥ ጉርምርምታ ሆነ። ከኋላ አንዲት ሴት ለጎረቤቷ አንሾካሾከች። የእድሩ ሊቀመንበር አቶ ደምሰው ጉሮሯቸውን ጠርገው ደንቡ የሚለውን ብቻ ተናገሩ። "ለሚሳኤልም ሁለት ጠያቂ ይመደብ።" ሸምሱና ከጎረቤቶቹ አንዷ ወይዘሮ ሀና እጃቸውን አነሡ።

በዚያው ቀን ከሰዓት ሁለቱ መጡ። ሚሳኤል አልጋው ላይ ተደግፎ ተቀመጠ። ሸምሱ "እንዴት ነህ?" ሲለው አቶ ከበበው ቀድመው "እንቅልፍ ነው የነሳው..." ብለው ጀመሩ። ወይዘሮ ክብረት አየቻቸውና ዝም አሉ።

ሚሳኤል ራሱ "ደክሞኛል" አለ።

"ከሱቄ በላይ ተኝተህ አንድ ቀን እንኳ ሳልጠይቅህ ቀረሁ" አለ ሸምሱ። "አትቀየመኝ ወንድሜ።"

አቶ ከበበው ይህን መቋቋም አልቻሉም። አባት በእንግዳ ፊት ልጁን ይቅርታ ሲጠይቅ በዚያ ቤት ታይቶ አያውቅም። "ይቅርታ የምጠይቀው እኔ ነኝ" አሉ። "ለአንተ ብዬ ነው የደበቅኩህ ብል ውሸት ይሆንብኛል። አፍሬብህ ነው። ይቅር በለኝ ልጄ።"

"እሺ አባዬ" አለ ሚሳኤል። "ከእንግዲህ ግን እንዴት ነው ብለው ሲጠይቁህ እኔን ጥራኝ።"

ሰኞ ፅጌረዳ በግልጽ በደረጃው ወጣች። መድኃኒት የሚያዝለት የአእምሮ ሐኪም ዘንድም ላከችው። ሚሳኤል በአንድ ሳምንት አልዳነም፤ ዛሬም የሚከብዱት ቀናት አሉ። ያንሾካሾከችው ሴትም ማንሾካሾኳን አልተወችም። ልጁ ግን በየሳምንቱ በገዛ እግሩ ሀና ማርያም ይሄዳል።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚለውን ተረት ሁላችንም እናውቀዋለን። የምንተርተው ግን ለሰው በሽታ ነው። ክፍለ ሀገር ሄዷል፣ ዘመድ ቤት ነው የተባለ ስንት ልጅ ከግድግዳው ወዲያ ተኝቶ ጎረቤት ደረጃውን እስኪያልፍ ይጠብቃል። ልጅዎ ቤት ከሆነ፣ ቤት ነው ይበሉ።